አሸንዳን ግቢ ውስጥ መትከል፦ በር ላይ ቆማችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ በሬን የሚያንኳኳ ሰው ይበዛል። አጥሬ ሥር የቆመውን፣ ችቦ የመሰለውን ቀይና ብርቱካናማ አበባ አይቶ ነው። «ከየት አመጣሽው?» ይላል አንዱ። «እኔ ተክዬው በሰበሰብኝ» ይላል ሌላው። ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈር ልጅ «እትዬ፣ ፕላስቲክ ነው እንዴ?» ብሎኛል። ለሁሉም አንድ በአንድ ሳስረዳ ቡናዬ እየቀዘቀዘ አስቸገረኝ። ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት።

አበባው አሸንዳ ነው። አንዳንድ ቦታ አበልቢላ፣ ሌላ ቦታ ሹሹቤ ይሉታል። ችግኝ ጣቢያ ሄዳችሁ «አሸንዳ አለ?» ብትሉ የቆርቆሮ ውሃ መውረጃ የምትፈልጉ ሊመስላቸው ስለሚችል ሳይንሳዊ ስሙንም ያዙት፦ ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ። የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ በተራራ ዳርና በግጦሽ መስክ ላይ የሚበቅል የዱር አበባ ነው። ባሌ ዲንሾ አካባቢ የሄደ ሰው መስኩን ሞልቶት አይቶት ይሆናል። አንዴ ከያዘ ለዓመታት ይቆያል፤ በየዓመቱ መዝራት የለም።

ከሬት ጋር አታምታቱት። አበባቸው ይመሳሰላል፣ ዘመዳሞችም ናቸው። ግን የሬት ቅጠል ወፍራም፣ ውሃ የቋጠረና ጠርዙ እሾሃም ነው። የአሸንዳ ቅጠል ረጅም፣ ስስና ሣር መሳይ ሲሆን መሐሉ ታጥፎ እንደ ቦይ ይጎደጉዳል። ጣታችሁን በቅጠሉ ጀርባ ብታስኬዱት እንደ ጀልባ ሆድ የሾለ መስመር ይዳስሳችኋል። ይህን ምልክት አስታውሱት፣ ታች ላይ ያስፈልገናል።

እኔ ያለሁት ሱሉልታ መስመር ነው። የምነግራችሁ ለሱሉልታ፣ ለቡራዩ፣ ለእንጦጦ ጀርባ፣ ለሰንዳፋና ለለገጣፎ ይሠራል። አቃቂና ኮዬ ፈጬ ያላችሁም ትችላላችሁ፤ አፈራችሁ ጥቁር ዋልካ ከሆነ ግን ደረጃ 3ን ሁለት ጊዜ አንብቡት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ እግር አሸንዳ ወይም አንድ እፍኝ ዘር
- ዶማ፣ አካፋ እና ስለት ያለው ቢላዋ
- ቀይ አሽ (ለግንባታ የሚደፋው ቀይ ጠጠር)፣ አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ ለመደቡ፣ ከዘር ለምትጀምሩ ለጠርሙሱ። ለቤት ግንባታ ከተደፋው የተረፈ ካለ ተጠቀሙበት
- በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ወይም ፍግ፣ ለአንድ ጉድጓድ ሁለት አካፋ
- የእንጨት አመድ፣ አንድ ጣሳ
- ለጉዝጓዝ የሚሆን ገለባ ወይም ደረቅ ሣር
- ጓንት (የቅጠሉ ጠርዝ እጅ ይቧጥጣል)
- ከዘር ለምትጀምሩ፦ ግማሹ ላይ የተቆረጠ ባለ 2 ሊትር የውሃ ጠርሙስ፣ ወንፊት፣ አንድ ሳፋ

ዩሪያ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ረስቼው አይደለም።

ደረጃ 1፦ ተክሉን በአግባቡ አግኙ

ሁለት መንገድ አለ፤ ካለው ሰው ልጁን ገንጥሎ መትከል፣ ወይም ከዘር መጀመር። ልጅ ስል እንደ ሙዝና እንደ እንሰት ማለቴ ነው። አንድ እግር አሸንዳ ከጎኑ ሌላ ቅጠል፣ ሌላ ሥር እያወጣ ይበዛል። ልጅ የተከለ ሰው ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው ክረምት አበባ ያያል። ከዘር ከሆነ ሁለት፣ ሦስት ዓመት መታገስ ነው።

ተራራ ላይ ወጥቶ መንቀል ግን ተዉት። አንደኛ፣ ከብሔራዊ ፓርክም ሆነ ከጥብቅ ደን ያለ ፈቃድ ተክል ማውጣት አይቻልም። ሁለተኛ፣ አያዋጣችሁም። ድንጋይ መሐል የገባ ትልቅ እግር በዶማ ሲወጣ ሥሩ ግማሹ እዚያው ይቀራል፣ ያመጣችሁት ግማሽም አይጸናም። ዘር ከፈለጋችሁ የመሬቱን ባለቤት አስፈቅዳችሁ ከደረቀ ዘንግ ላይ ጥቂት ፍሬ ውሰዱ፤ ሌላውን ለመስኩ ተዉለት።

ሌላም ነገር አለ። ችግኝ ጣቢያ የሚሸጠው ክኒፎፊያ ሁሉ የእኛው አይደለም፤ ውጭ አገር የተዳቀለም አለ። መትከል ትችላላችሁ፣ ግን እነዚህ ተክሎች እርስ በርስ በቀላሉ ይዳቀላሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ተክላችሁ ዘር ብትለቅሙ የሚወጣው የትኛውንም አይመስልም።

ደረጃ 2፦ ቦታ ምረጡ

ፀሐይ። ቢያንስ ግማሽ ቀን፣ ቢቻል ሙሉ ቀን። አሸንዳ ዛፍ የሌለበት መስክ ላይ የኖረ ተክል ነው። ጥላ ውስጥ አይሞትም፣ ግን ቅጠሉ ይረዝምና ይተኛል፣ አበባም አይሰጥም። ባሕር ዛፍ ሥርም አይሆንም፤ ጥላው ብቻ ሳይሆን ሥሩ ውሃውን ይሻማዋል።

ሁለተኛው ነገር ውሃ የማይተኛበት ቦታ ነው። ግቢያችሁ ተዳፋት ካለው ላይኛው ወገን ላይ ትከሉ። ግድግዳ ሥር ከሆነ ደግሞ ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ። አሸንዳን ከአሸንዳ ሥር አትትከሉ! የሐምሌ ዝናብ ከቆርቆሮው ተሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ ሲወርድ አፈሩን ይሸረሽራል፣ ተክሉን ያሰጥመዋል።

ስፋቱንም አስቡ። ያደገ እግር ቅጠሉ ወደ አንድ ሜትር ይደርሳል፤ የአበባው ዘንግም ከዚያ አያንስም። መተላለፊያ ዳር አስጠግታችሁ ከተከላችሁ በሁለተኛው ዓመት የሚያልፈውን ሰው ሱሪ ሁሉ ያረጥባል።

ደረጃ 3፦ አፈሩን ፈትሹ

ይህ ደረጃ ነው ሰው የሚዘለው። አሸንዳ የሚሞተውም እዚህ ነው።

አንድ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሙሉበት፣ ይስረግ። እንደገና ሙሉትና ሰዓት ያዙ። ሁለተኛው ውሃ በሦስት፣ በአራት ሰዓት ውስጥ ከጠፋ አፈራችሁ ይሆናል። እስከ ማግሥቱ ከቆየ ጉድጓድ ውስጥ መትከል አይቻልም፤ መደብ መሥራት አለባችሁ። ሁለት ጊዜ የሚሞላው የመጀመሪያውን ውሃ ደረቅ አፈር ስለሚጠጣው ነው፤ እሱን አይቶ «ይሰርጋል» ያለ ሰው ይሸወዳል።

በእኛ ዙሪያ የምታገኙት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው።

*ቀይ አፈር፦* የእንጦጦ ግርጌና የቡራዩ ተዳፋት ብዙው እንዲህ ነው። ጥሩ ነው። ሁለት አካፋ ኮምፖስት ጨምሩበት፣ በቃ።

*ዋልካ፦* ጥቁሩ። ክረምት ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ሁለቱም ለአሸንዳ ክፉ ነው፤ ክረምት ሥሩን ያፍነዋል፣ በጋ ሲሰነጠቅ ደግሞ ሥሩን ይበጥሰዋል። መፍትሔው ከመሬት ከፍ ማለት ነው። ሁለት ስንዝር ከፍታ ያለው መደብ ሥሩ፣ ዙሪያውን በድንጋይ ያዙት። አንድ እጅ ዋልካ፣ አንድ እጅ ቀይ አሽ፣ ግማሽ እጅ ኮምፖስት አደባልቁና ሙሉት። ዋልካ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀይ አሽ መሙላት ግን ሥራ ማበላሸት ነው። ዙሪያው ውሃ አያሳልፍማ! ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል፣ የሰፈሩ ውሃ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል።

*ገረጋንቲ፦* አዲስ የተሠራ ቤት የገባችሁ ሰዎች አፈር ያላችሁ ይመስላችኋል እንጂ አፈሩ ከቤቱ በፊት ተጠርጎ ሄዷል። የቀረው ገረጋንቲና የሲሚንቶ ፍርስራሽ ነው። ውሃ ማሳለፉ ጥሩ ነው፣ ምግብ ግን የለውም። የሲሚንቶውን ቁርጥራጭ ለቅማችሁ አውጡ፣ ከላይ ሁለት ስንዝር ያህል በእውነተኛ አፈርና በኮምፖስት ተኩት።

ደረጃ 4፦ ጊዜውን አስተካክሉ

ቀይ አፈር ላይ የምትተክሉ፣ ሰኔ ውስጥ ዝናቡ ሲረጋ ትከሉ። ክረምቱን ሙሉ ሥር ይሰዳል፣ ውሃ ማጠጣትም ይቀርላችኋል።

ዋልካ ላይ ያላችሁ፣ መደብ ብትሠሩም እንኳ መስከረም አጋማሽ ድረስ ጠብቁ። ቁስሉ ያልዳነ ሥር ሐምሌን በጭቃ ውስጥ ካሳለፈ ይበሰብሳል። መስከረም ላይ አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ ከላይ የሚወርደው ግን ቀንሷል። ውርጩ ሳይጠና ሥር ለመስደድም ጊዜ ያገኛል። ዋጋው በጋውን ሙሉ ውሃ ማጠጣት ነው።

ደረጃ 5፦ ልጁን ገንጥሉ

ከዋዜማው እናቲቱን በደንብ አጠጡ። እርጥብ ሥር ይታጠፋል፣ ደረቅ ሥር ይሰበራል።

ከግንዱ አንድ ስንዝር ተኩል ርቃችሁ ዙሪያውን ቆፍሩ፣ ከሥር በአካፋ ደግፋችሁ ሙሉውን አውጡት። አፈሩን አራግፉ። ያኔ ወፍራም፣ ሲቆረጥ ውስጡ ቢጫ የሆነ ግንደ ሥር ታያላችሁ፤ ከሱ ላይ የቅጠል ጭብጦች ተነስተዋል። በእጅ የሚለቀቀውን በእጅ አላቁ፣ የማይለቀቀውን በቢላዋ ቁረጡ። እያንዳንዱ ክፋይ የራሱ ቅጠልና የራሱ ሥር ሊኖረው ይገባል። ሥር የሌለው ቅጠል አይጸድቅም።

ስስታም አትሁኑ። ከአንድ እግር አሥር ለማውጣት ብዬ በጣም ቆራርጬ ሁሉም ሁለት ዓመት ሙሉ ሳያብቡ ቆይተውብኛል። ሁለት፣ ሦስት የቅጠል ጭብጥ አንድ ላይ ብትተዉት ቶሎ ይጸናል።

ከዚያ ቅጠሉን በግማሽ ቁረጡት። ሥሩ ስለተጎዳ ያን ሁሉ ቅጠል ማጠጣት አይችልም፤ ካልቆረጣችሁት ራሱ ይጠወልጋል። የተቆረጠውን የሥር ቁስል አመድ አስነኩትና ጥላ ውስጥ አንድ ቀን አሳድሩት። ቁስሉ ሲደርቅ ብስባሽ አይገባበትም። ከአንድ ቀን በላይ ግን አታቆዩት፤ ሥሩ ራሱ ይደርቃል።

ደረጃ 6፦ ትከሉ፣ አንገቱን ግን አትቅበሩ

ጉድጓዱ አንድ ክንድ ስፋት፣ ሁለት ስንዝር ጥልቀት ይኑረው። ግርጌው ላይ አፈር ሰብስባችሁ መሐሉን እንደ ትንሽ ጉብታ አድርጉት። ተክሉን ጉብታው ላይ አስቀምጡና ሥሩን እንደ ጃንጥላ ዘንግ ዙሪያውን ወደ ታች ዘርጉት። አፈር መልሱ፣ በእጅ ጫን ጫን አድርጉ። በእግር አትርገጡት።

አሁን ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። ቅጠሉና ሥሩ የሚገናኙበት ነጣ ያለ ቦታ አለ፤ አንገቱ ማለት እሱ ነው። ከአፈሩ ጋር እኩል፣ እንዲያውም አንድ ጣት ከፍ ማለት አለበት፤ ውሃ ሲጠጣ መሬቱ ይሰጥማልና።

የኔን የመጀመሪያ አሸንዳ የገደልኩት እዚህ ጋ ነው። እንዳይወድቅ ብዬ፣ እንደ ሽንኩርት ተክል አፈሩን እስከ ቅጠሉ አልብሼ፣ ከላይም ፍግ ጨምሬ ቀበርኩት። ሐምሌን ለምለም ሆኖ አለፈ። ነሐሴ ላይ መሐለኛው ቅጠል ቢጫ ሆነ። ነካ አደረግኩት፤ ጭብጡ በሙሉ ያለ ምንም ጉልበት ከነግርጌው እጄ ላይ ቀረ። ታቹ ቡናማ፣ ሙልጭልጭ ያለ፣ ሽታው የበሰበሰ ድንች ነው። እዚያ ደረጃ ከደረሰ ጭብጡ አይተርፍም። እናንተም መሐለኛው ቅጠል ብቻውን ቢጫ ሲሆን ካያችሁ ውሃ እንዳትጨምሩ፤ ዙሪያውን ያለውን አፈር ገፋ አድርጋችሁ አንገቱን አየር አስነኩት።

ከአንዱ ተክል እስከ ሌላው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። መጀመሪያ ባዶ ይመስላችኋል። ይሞላል።

ሲያልቅ አሥር ሊትር ውሃ ቀስ ብላችሁ ዙሪያውን አፍስሱ። ገለባውን ሦስት ጣት ያህል ጎዝጉዙ፣ ግን አንገቱን አንድ መዳፍ ያህል ራቁት። ገለባ አንገት ላይ ካረፈ እርጥበት ይዞ ያንኑ ብስባሽ ያመጣል።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያውን በጋ አሻግሩት

ዝናብ ካቆመ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ እግር ግማሽ ጀሪካን (አሥር ሊትር) ይበቃል። ዋልካ ያለበት መደብ ላይ በአሥር ቀን አንዴ። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ አስገቡ፤ እርጥብ ከሆነ አታጠጡ፣ ፕሮግራሙ ምንም ይበል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት አይጠቅምም። ሥሩ ላይ ላዩን ይቀርና ውሃ በጠፋ ሳምንት ይደነግጣል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም።

ጠዋት አጠጡ። ማታ ያጠጣችሁት ቅጠል መሐል ይተኛል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል።

ውርጭን ብዙ አትፍሩለት። ከእኛ በጣም ከፍ ያለ ተራራ ላይ የሚኖር ተክል ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የቅጠሉ ጫፍ ሊቃጠል ይችላል፤ ግንደ ሥሩ አፈር ውስጥ ደህና ነው። የተቃጠለውን ጫፍ ወዲያው አትቁረጡ፤ ለታችኛው ቅጠል ልብስ ይሆነዋል።

ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በጋ ላይ በወር አንዴ ካገኘ ይኖራል።

ደረጃ 8፦ መመገብና ማጽዳት

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ግንቦት ላይ፣ አንድ አካፋ የበሰበሰ ኮምፖስት ዙሪያውን በትኑ። ከዚያ በላይ አትጨምሩ። ዩሪያ የሚያበዛው ቅጠል ነው። ጎረቤቴ ለጤፍ ከመጣው ላይ ቆንጥሮ ሰጥቶት ቅጠሉ ደረት ደረሰ፣ ያን ክረምት አንድ ዘንግ አበባ አላወጣም። ትኩስ ፍግም አንገቱን ያቃጥላል።

አበባው ከታች ወደ ላይ ነው የሚከፈተው። የላይኛው ከደረቀ በኋላ ዘንጉን ከግርጌው ቁረጡ፤ ካልቆረጣችሁት ጉልበቱን ዘር ማፍራት ላይ ያውለዋል። ለዘር የሚሆን አንድ ሁለት ዘንግ ተዉ። አብቦ ሳይጨርስ ግን ለመቁረጥ አትቸኩሉ። ማለዳ ላይ ንብ ሲርመሰመስበት፣ ቆልማማ ምንቃር ያላት ትንሽ ወፍ ዘንጉ ላይ ተንጠልጥላ ስትቀስም ታያላችሁ፤ ያን የሚያህል ነገር በነፃ አይገኝም።

ጥር ላይ ጓንት አድርጋችሁ የደረቀውን የታች ቅጠል ወደ ጎን እየሳባችሁ አውጡ። ቀንድ አውጣ የሚደበቀው እዚያ ነው። አረንጓዴውን ግን አትጨዱት። ሣር ስለሚመስል በማጭድ የሚያስተካክሉት ሰዎች አሉ፤ ተክሉ ያንን ቅጠል መልሶ ሲያበቅል የሚቀጥለውን ክረምት አበባ ያስቀራል።

ከዘር ለምትጀምሩ

ፍሬው ክብ ነው። አረንጓዴ ሳለ አይረባም። ቡናማ ሆኖ አፉን ሊከፍት ሲል ዘንጉን ቁረጡና ወረቀት ከረጢት ውስጥ ግልብጥ አድርጋችሁ ስቀሉት። በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት ጥቁር ጥቁር፣ ጠርዛማ ትንንሽ ዘሮች ከረጢቱ ውስጥ ይረግፋሉ። ላስቲክ ከረጢት አትጠቀሙ፤ ያልበውና ይሻግታል።

1. የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት ላይ ዝሩ። አየሩ ሞቅ ይላል፣ ክረምቱ ሳይመጣም ችግኙ ጠንከር ለማለት ጊዜ ያገኛል።
2. የተቆረጠውን ጠርሙስ ታቹን አምስት፣ ስድስት ቦታ ብሱ። እኩል በእኩል በወንፊት የተነፋ አፈርና ደቃቅ ቀይ አሽ ሙሉት።
3. ዘሩን ላዩ ላይ በትኑ። ከላይ የምታለብሱት አፈር የዘሩን ውፍረት ብቻ ያህል። ጠልቆ የተቀበረ አይወጣም።
4. ከላይ ውሃ አትርጩ፤ ዘሩ ተጠርጎ ጥግ ላይ ይከማቻል። ሳፋ ውስጥ ሁለት ጣት ውሃ አድርጉና ጠርሙሱን አቁሙበት። ላዩ ሲረጥብ አውጡት።
5. ብርሃን ያለበት፣ ቀጥታ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጡ። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እኩል አይወጣም፤ አምስት ወጥቶ ሌላው ከወር በኋላ ሊመጣ ይችላል፣ ቶሎ አትድፉት።
6. ቁመቱ ጣት ሲያህል ወደ ችግኝ ላስቲክ ለያዩት። አንድ ዓመት እዚያው አቆዩት፣ የመጀመሪያውን ውርጭ ማታ ማታ ጆንያ አልብሱት፣ በሚቀጥለው ሰኔ ወደ መሬት አውርዱት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የመጀመሪያ ዓመት ችግኝ ሣር ነው የሚመስለው፣ ፍጹም ሣር። የደከምኩበትን ችግኝ፣ ግቢ የሚያጸዳልኝ ልጅ በአንድ ጠዋት «አረሙን ጨረስኩልዎት» ብሎ አጥር ሥር ከምሮ አሳየኝ። ምን ልለው! ስለዚህ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሩበት፣ እንጨት ትከሉበት፣ ለሚያርመው ሰው ያንን በጀርባ በኩል ያለውን የሾለ መስመር በጣቱ አስዳስሱት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

*«አላበበም»።* በመጀመሪያው ዓመት ካላበበ ችግር የለውም። በሦስተኛው ካላበበ ጥላ ነው፣ ወይም ማዳበሪያ በዝቷል፣ ወይም ቅጠሉ ታጭዷል።

*«ድሮ ያብብ ነበር፣ አሁን ቀነሰ»።* መሐሉን ገልጣችሁ እዩ፤ ባዶ ሆኖ ዙሪያው ብቻ ከበቀለ ተጨናንቋል። በአራት፣ በአምስት ዓመት አንዴ ነቅሎ መከፋፈል ያስፈልገዋል። በየዓመቱ ግን አትነካኩት፤ መነቃነቅ አይወድም።

*«ውሃ እያጠጣሁት ጠወለገ»።* ሥሩ በስብሶ ሊሆን ይችላል። ወይም ፍልፈል ናት። ከሥሩ ስትቆፍር ሥሩ አየር ላይ ይንጠለጠላል። አጠገቡ አዲስ የአፈር ክምር ካያችሁ አፈሩን በእጃችሁ መልሳችሁ ጠቅጥቁና ውሃ አጠጡ።

*«በጎች ይበሉብኛል»።* አይበሉትም። ከብት ስለማይወደው ነው የግጦሽ መስክ ላይ እሱ ብቻ ተርፎ የሚታየው። ለጋ ችግኝን ግን ይረግጡታል፣ በመጀመሪያው ዓመት እሾህ ክበቡበት።

ማስጠንቀቂያ

የአሸንዳን ሥር ለሆድ ቁርጠት የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ። ሥሩ ውስጥ ኃይለኛ ንጥረ ነገሮች ስላሉ እኔ ቀቅላችሁ ጠጡ አልልም፤ ሆዳችሁን ከታመማችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ስትገነጥሉት የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ልብስ ላይ ከፈሰሰ ቀለሙ ሊቀር ይችላል፣ አሮጌ ልብስ ልበሱ። ልጆችም ቢላዋውንና የተቆራረጠውን ሥር እንዳይነኩ ራቅ ይበሉ።

እኔ ዘንድሮ አሸንዳዬን መስከረም ላይ ልከፋፍለው ነው። ቅርብ ያላችሁ እርጥብ ማዳበሪያ ከረጢት ይዛችሁ ብቅ በሉ፤ ሥሩ መንገድ ላይ እንዳይደርቅ።